ትርፍራፊው ለማን ይደርሳል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። ልብስ ከተቆረጠ በኋላ ወለል ላይ የሚወድቀው የጨርቅ ቁራጭና ማዕድ ከተነሣ በኋላ መሶብ ውስጥ የሚቀረው እንጀራ፣ በስፌት በሚተዳደር አንድ ቤት ውስጥ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውሉ ነው። በተለይም ከቁራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ የምትሰፋውን ባለሙያ በአሳባችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ ከሌሎቻችን ይልቅ ሁለቱ ትርፎች በአንድ ቀንና በአንድ እጅ የሚገናኙት በእርሷ ቤት ነውና። እኛ የቤት አያያዝና የስፌት ሙያ የምናስተምር ሰዎች ስለ ቁጠባ ብዙ እንናገራለን። የተቆጠበው ነገር በመጨረሻ የሚደርሰው ለማን እንደ ሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የእኔ ንግግር በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ከጓዳ ልጀምር፤ በዚህ ረገድ ጓዳችን ከስፌት ክፍላችን እጅግ የቀደመ ነውና። ጓዳችን ለሚተርፈው ነገር ሁሉ ስም አውጥቶለታል። ከአንዱ ሊጥ ለሚቀጥለው የሚተርፈው እርሾ ነው። የጠላው ዝቃጭ አተላ ነው፤ ለከብት ይሰጣል። ያደረው እንጀራ በድልህ ወይም በወጥ ሲታሽ ፍርፍር ይሆናል። ለፍርፍርም ከበዛ ተቆራርሶ በፀሐይ ይደርቅና ድርቆሽ ተብሎ ለመንገደኛ ስንቅ ይቀመጣል። እነዚህ ስሞች እንዲያው ስሞች ብቻ አይደሉም። እያንዳንዱ ስም ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን እንደሚሠራና ለማን እንደሚቀርብ የሚናገር ትእዛዝ ነው። ማለዳ ምግብ ቤት ገብቶ ፍርፍር የሚያዝ ሰው ትርፍራፊ ልብላ ማለቱ አይደለም፤ አስተናጋጁም እንዲህ አይሰማውም። ፍርፍር ከትርፍ ተወልዶ ራሱን የቻለ ምግብ ሆኖአል፤ ለእንግዳም ይቀርባል።

ስም ያላገኘው ትርፍ ዕጣው ሌላ ነው። ልጆች የተዉት እንጎቻ ጫፍ፣ በድስቱ ዙሪያ የተጣበቀው ወጥ፣ ጠርዙ የደረቀው የትናንት እንጀራ፣ ቤተ ሰቡ በልቶ ከተነሣ በኋላ የእናት ወይም የቤት ሠራተኛ ምሳ ይሆናል። ይህን ሁላችንም በየቤታችን አይተናል። ብዙ ጊዜ ቁጠባ ብለን የምናመሰግነው ነገር፣ ቀረብ ብለው ሲመረምሩት፣ ከአንድ ሰው ድርሻ ላይ የተቀነሰ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ትርፉ ጥቅም ላይ ዋለ የምለው ከመጣል ሲድን ብቻ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ መጨረሻ የሚበላው ሰው ድርሻ መሆኑም ሲቀር ነው።

ጨርቅን በተመለከተ ቋንቋችን ጨካኝ ነው። እራፊ፣ ቡትቶ፣ ድሪቶ እንላለን። ሦስቱም የድህነት ስሞች ናቸው። ድሪቶማ ከልብስም አልፎ፣ ከዚህም ከዚያም ተለቃቅሞ ለተጻፈ ደካማ ጽሑፍ መዝለፊያ ሆኖአል። ከቁራጮች መካከል ማዕረግ ያገኘች አንዲት ብቻ ትመስለኛለች፤ እርሷም ምጣድ የምታሰስባት ማሰሻ ናት። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ በተወቀጠ ጎመን ዘር ምጣዱን ታለሰልሳለች፤ ጠፍታ እንደ ሆነ መላው ቤት ይፈልጋታል። እርሷንም ቢሆን ስም ያወጣላት ጓዳው እንጂ የስፌት መኪናው አይደለም።

ጨርቅ ሁልጊዜ እንዲህ መዋረድ የለበትም። ለዚህ ምስክር የሚሆን ቦታ በአሜሪካ፣ በአላባማ ክፍለ ግዛት አለ። የአላባማ ወንዝ ተጠምዞ በሚከበው መሬት ላይ ጂስ ቤንድ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። ነዋሪዎቿ በአብዛኛው በዚያው ቦታ በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት ሲሠሩ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ተወላጆች ናቸው። የመንደሩ ሴቶች ያረጀ የእርሻ ሱሪና ሸሚዝ፣ የዱቄትና የእህል ከረጢት ሳይቀር እየቆራረጡ፣ ክዊልት የሚባለውን ፊት፣ መካከልና ገበር ያለው ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። ወይዘሮ ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ ሴት ባላቸው ከሞቱባቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ሟቹ ይለብሱት የነበረውን የሥራ ልብስ ቆራርጠው ብርድ ልብስ አድርገው ሰፍተውታል። በ1966 በዚያው አውራጃ የሰፊ ሴቶች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። በ1972 ሲርስ የተባለው ታላቅ የንግድ ድርጅት የኮርዶሮይ የትራስ ልብስ እንዲሰፉለት አዘዘ። ከትእዛዙ የተረፈው ኮርዶሮይ ደግሞ ወደየቤቱ ገብቶ ሌላ ብርድ ልብስ ሆነ። በ2002 ሥራዎቹ በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ በዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ፤ በ2006 በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታተሙ።

ታሪኩን የሚያነሡ ሰዎች በአብዛኛው ሙዚየሙን ያደንቃሉ። እኔ ይበልጥ የምደነቅበት ከሙዚየሙ በፊት የነበረው ነው። ስፌቶቹ ስም ነበራቸው። በመካከል ካለ አንድ ካሬ ተነሥቶ በዙሪያው ቀጫጭን ቁራጭ እየተጨመረ የሚሰፋው «የቤት ጣሪያ» ይባላል። እንደ ጡብ ረድፍ የሚደረደረው «ግንበኛ» ነው። ረዣዥም ቁራጮች ጎን ለጎን ተጋጥመው ብቻ የሚሠሩት ደግሞ «ሰነፍ ልጃገረድ» ይባላል፤ ይህን ስም ያወጣችው ሴት ጨዋታ አዋቂ እንደ ነበረች አያጠራጥርም። ከሱሪ እግር የተገኘ ረዥም ቁራጭ ገና ሲቆረጥ የሚሄድበት ቤት አለው፤ አንድ ጣት ስፋት ያላት ቀጭንም እንዲሁ። ይህ እንግዲህ የእኛ ጓዳ በእንጀራ ላይ የሠራው ሥራ ነው። ይሁንና ስም ብቻውን ሁሉን አይፈጽምም። በ2007 ከሰፊዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ከሥራቸው ከሚገኘው ገንዘብ ተገቢው ድርሻ አልደረሰንም ብለው ፍርድ ቤት ሄደው፣ ጉዳዩ በ2008 ተቋጭቶአል። ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ቁራጩ ከከበረም በኋላ ይከተላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ50 የሆነ ክብ የጠረጴዛ ልብስ ለመቁረጥ፣ በሁሉም ጎን 1 ሜትር ከ50 የሆነ ጨርቅ እንዘረጋለን። ስፋቱ 2.25 ካሬ ሜትር ነው፤ ክቡ የሚወስደው 1.77 ያህል ነው። ቀሪው 0.48 ካሬ ሜትር፣ ማለት ከመቶ 21 እጅ በላይ፣ በአራቱ ማእዘን ይቀራል። (እንጀራም ክብ ነው፤ ነገር ግን ሊጡ ክብ ሆኖ ስለሚፈስ ማእዘን አያስቀርም። በዚህ ምጣድ ከመቀስ ትበልጣለች።) እነዚያ አራት ማእዘኖች ከገንዘቡ ተገዝተዋል፤ ደንበኛውም ከፍሎባቸዋል። ሠልጣኞቻችን ግን መጥረጊያ እንዲያነሡ እንጂ ማእዘኑን ለይተው እንዲያስቀምጡ ከመቀሱ ጋር አብረው አይማሩም።

ሌላው ጽንፍ ደግሞ ሁሉንም ሰብስቢ፣ አንዲት ክር አትጣይ የሚለው ምክር ነው። ይህን ምክር እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም በሂሳብ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር በ10 የሆነ ቁራጭ ስንገጥም በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ብንተው የሚታየው 8.8 በ8.8 ነው፤ ከጨርቁ ከመቶ 77 እጅ ያህሉ ፊት ላይ ይወጣል። ቁራጩ 5 በ5 ቢሆን ግን የሚታየው 3.8 በ3.8 ብቻ ነው፤ ከመቶ 42 እጁ በስፌቱ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። 1 ሜትር ከ50 በ2 ሜትር ለሆነ ብርድ ልብስ በትልቁ ቁራጭ 391፣ በትንሹ 2120 ቁራጮች ያስፈልጋሉ። ለአንዱ ቁራጭ 2 ደቂቃ ብቻ ብንመድብ የመጀመሪያው 13 ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ70 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጨርቁ በነፃ ተገኘ ብለን የሴቲቱን 70 ሰዓት በዜሮ ብናባዛው፣ ያው በጓዳ ያየነው ነገር ተደገመ፤ ትርፉን የምትበላው እርሷ ናት። ስለዚህ ከ5 ሳንቲ ሜትር በታች የሆነውን ከነጭርሱ አትግጠሙ ባይ ነኝ። ለትራስ መሙያ ይሁን፤ ጨርቅ ብቻ የሞላው ትራስ ስለሚከብድና ስለሚጠጥር ግን ጥጥ ይቀላቀልበት።

ስለ ጨርቁ ዓይነት በአጭሩ ላንሣ። ጥጥና ቴትሮን በአንድ ፊት ላይ ጎን ለጎን ከተሰፉ፣ ጥጡ በመጀመሪያው እጥበት ሲኰማተር ቴትሮኑ እንዳለ ስለሚቀር ስፌቱ ይጨማደዳል። ጥጡ አስቀድሞ ታጥቦ ይተኰስ። የሸማ ቁራጭ ድሩና ማጉ ላላ ያለ በመሆኑ ቶሎ ይተረተራል፤ ከሥሩ ስስ አቡጀዲ ቢደረግለት ከማንም ጨርቅ ያማረ ፊት ይሆናል። ያለቀ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ዘወትር ከቀሚሱ የበለጠ ዕድሜ አለው፤ ተፈትቶ የብርድ ልብስ ዳር ሲሆን ባለቤቲቱ ቀሚሷን ታውቀዋለች። ያረጀ ጋቢ ለመካከል የሚስተካከለው የለም። ናይለንና ቴትሮን ግን ለማሰሻ ፈጽሞ አይሁኑ፤ ምጣድ ላይ ይቀልጣሉ።

በጨርቅና በምግብ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ጨርቅ ይታገሣል፤ ምግብ አይታገሥም። የዓለም የጤና ድርጅት ምክር የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ5 ዲግሪ በታች እንዲቀመጥ፣ ሲሞቅም ከ70 ዲግሪ በላይ እንዲደርስ ነው። የበዓል ትእዛዝ የያዘች ሰፊ ሴት ደግሞ ለሁለት ቀን የሚሆን ወጥ አንድ ጊዜ ሠርታ መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ድስቱ እስከ ማታ ከምድጃው አጠገብ ይውላል። የሻገተ እንጀራም ቢደርቅ ወይም ቢፈረፈር አይድንም፤ ከሻጋታ የሚመነጨው መርዝ በማድረቅና በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ለድርቆሽ የሚሆነው ገና ደኅና ሳለ መለየት አለበት፤ እስኪጠረጠር ጠብቆ ማድረቅ ቁጠባ አይባልም። የጾም ቀን መቁጠሪያም አለ፤ ማክሰኞ ማታ የተረፈ የሥጋ ወጥ ረቡዕ ለጿሚው አይቀርብም። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ማክሰኞ የሚሠራው በልክ መሆን ይገባዋል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ከተጣለው 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ውስጥ 631 ሚሊዮኑ የተጣለው በመኖሪያ ቤቶች ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ የእናቶች ሆድ ትርፉን ተቀብሎ ያስቀረው አይቈጠርም።

በአንድ ክፍል ውስጥ ተሰፍቶ በሚበላበት ቤት ስፒልና መርፌ ከቡሓቃ እንዲርቁ መናገር ለእናንተ ማስተማር ይሆንብኛል፤ አልፈዋለሁ።

ለሥራ የማቀርበው አሳብ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ በየማሠልጠኛችን ከቁራጭ ጨርቅ የሚሰፋው ብርድ ልብስ ሲገመት የክሩና የገበሩ ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሰፊዋ ሰዓት በመዝገብ እንዲጻፍ ነው። ተሠርቶ ሲያልቅም አንዱ ለእንግዳ አልጋ እንዲነጠፍ፣ ለሠራተኛዋ መደብ ብቻ እንዳይታደል እጠይቃለሁ። ሁለተኛው ስምን የሚመለከት ነው። በየክፍለ ሀገሩ ልብስ ሰፊዎችና ሸማኔዎች ለማእዘኑ ቁራጭ፣ ለዳሩ ቀጭን፣ ለጥቅል መጨረሻ የሚጠሩበት ስም እንዳለ አምናለሁ፤ በአገራችን ቋንቋዎች ሁሉ የሚገኘውን የሰማችሁትን ጻፉ። የጻፋችሁትን ቁራጩ ከምን ልብስ እንደሚወጣና ለምን ሥራ እንደሚውል ጨምራችሁ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብትልኩ፣ ለሚመጣው ዓመት መጽሔት እንዲደርስ አሰባስበዋለሁ። ከእያንዳንዱ ስም ጋር ከጨርቁ እጅ የምታህል ናሙና በወረቀት ላይ ተሰፍታ ብትመጣ ደግሞ ለሥዕሉ ይረዳናል።