ወንበሩ የጎሣው፣ ቲኬቱ የፓርቲው
(በአንድ የውይይት ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ ስለ አንዲት ህንዳዊት ፖለቲከኛ ልነግራችሁ ነው የመጣሁት። «እኛ ስለ ህንድ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ትንሽ ይታገሠኝ።

የሴትዮዋ ስም ዳንሳሪ አናሱያ ነው። አገር የሚያውቃት ግን ሲታካ በሚለው ነው። «ሲታ» የጫካ ስሟ ነው፤ «አካ» በቴሉጉ ቋንቋ ታላቅ እህት ማለት ነው። በእኛ አፍ እትዬ ሲታ እንደማለት። እንግዲህ እኔም አንቱታውን ልተወውና እንደ ሕዝቧ ልጥራት።

የኮያ ጎሣ ልጅ ነች። የተወለደችው ዛሬ ቴላንጋና በሚባለው ግዛት፣ ሙሉግ በተባለ የደን አገር ነው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ናክሳላይት ከሚባሉት የታጠቁ ኮሚኒስቶች ጋር ጫካ ገባች። አሥር ዓመት ገደማ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጠመንጃዋን አስቀምጣ ወጣች። ሕግ ተማረችና ዋራንጋል ፍርድ ቤት በጥብቅና ቆመች።

በ2004 ለግዛቱ ምክር ቤት ተወዳደረች። ያቀረባት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቴሉጉ ዴሳም! የፓርቲው መሪ ቻንድራባቡ ናይዱ እኮ በ2003 ናክሳላይቶች መንገድ ላይ ባጠመዱት ፈንጂ ሊሞት ለጥቂት የተረፈ ሰው ነው። (አንጃው የእሷ አልነበረም፤ ቢሆንም!) ፖለቲካ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ተሸነፈች፤ በ2009 አሸነፈች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነውና። የህንድ ሕገ መንግሥት ለጎሣዎች ወንበር ይከልላል። ከቴላንጋና 119 ወንበሮች 12ቱ የእነሱ ናቸው፤ ሙሉግም አንዱ ነው። በእነዚህ ወንበሮች ላይ መወዳደር የሚችለው የጎሣ ተወላጅ ብቻ ነው። ድምፅ የሚሰጠው ግን ሁሉም ነው፤ ነጋዴውም፣ ባለመሬቱም። ዕጩውን የሚመርጠው ደግሞ ዋና ከተማ የተቀመጠው የፓርቲ አለቃ ነው። ወንበሩ የጎሣው፣ ቲኬቱ የፓርቲው! ስለዚህ በዚህ በር የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንገቱን ደፍቶ እጁን ሲያወጣ ይኖራል።

ሲታካስ? በ2014፣ ቴላንጋና ከአንድራ ፕራዴሽ ተገንጥሎ የራሱ ግዛት በሆነበት ዓመት፣ ወንበሯን አጣች። በ2017 ወደ ኮንግረስ ፓርቲ ተሻገረች። መገለባበጥ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ያኔ ኮንግረስ በደልሂም በሃይደራባድም ተቃዋሚ ነበር። የተሻገረችው እንጀራ ወዳለበት አልነበረም።

በ2018 ኮንግረስ ክፉኛ ተደቆሰ፤ ያገኘው 19 ወንበር ብቻ ነው። እሷ አሸነፈች። በ2019 ከእነዚያ መካከል 12ቱ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ገዢው ፓርቲ ገቡ። የሕዝብ ድምፅ ይዘው! ሲታካ ከቀሩት ጥቂቶች አንዷ ነበረች። እኔ ከጫካ ታሪኳ ይልቅ የማከብርላት ይህቺን ነው። ጠመንጃ መያዝ ብዙ ሰው ያውቅበታል፤ ገዢው ፓርቲ በሩን ከፍቶ ሲጠራ አልገባም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው።

በ2020 በኮሮና ጊዜ አገር ሲዘጋ፣ ወንዝ እየተሻገረች መኪና ወደማይደርስባቸው የደን መንደሮች ሩዝና አትክልት አደረሰች። በ2022 ከኦስማኒያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያዘች። ጥናቷ ስለ ጎቲ ኮያዎች ነው፤ ከጎረቤት ግዛት ከቻቲስጋር ግጭት ሸሽተው ቴላንጋና ደን ውስጥ ስለሰፈሩ ሰዎች።

በ2023 ምርጫ ገዢው ፓርቲ ማንን አቀረበባት መሰላችሁ? ባዴ ናጋጆቲ የምትባል ወጣት። አባቷ ማኦኢስት ታጋይ ነበር፤ ከፖሊስ ጋር በተደረገ ግጭት ተገደለ። የቀድሞዋ ተዋጊና የሟቹ ተዋጊ ልጅ ለአንድ ወንበር ተፋጠጡ! ሲታካ ከ33 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፈች። ኮንግረስም ግዛቱን ያዘ። ታኅሣሥ ወር ላይ ሃይደራባድ ስታዲየም ውስጥ ቃለ መሐላ ልትፈጽም ስትነሳ ሕዝቡ በጩኸት ቀወጠው። የገጠር ልማትና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች።

ፖሊስስ? የአገር ውስጥ ጉዳይን ዋና ሚኒስትሩ ሬቫንት ሬዲ ለራሱ አስቀረ። ሰውየው ከእሷ ጋር ወደ ኮንግረስ የተሻገረ፣ እሷም እንደ ወንድሟ የምትቆጥረው ነው።

ዓመት እንኳን በቅጡ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2024 (በፈረንጆቹ ነው) የግዛቱ ልዩ ፖሊስ ቻልፓካ ደን ውስጥ ሰባት ማኦኢስቶችን ገደለ። ቻልፓካ ያለው ሙሉግ ውስጥ ነው። በራሷ አገር፣ ድሮ እሷ ትሄድበት በነበረው ዓይነት ጫካ፣ እሷ የካቢኔ አባል በሆነችበት መንግሥት!

አሁን ጥያቄ ካላችሁ ዝግጁ ነኝ።