ሁሉም ቀይ ሲሆን
(በተመራቂዎች መገናኛ ቀን እንጦጦ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሕክምና አውሪልን» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ኮምፒውተር ላወራ ነው። እንዳትሸሹ፣ መጨረሻው ሕክምና ነው።

ከዚህ ቁልቁል የምታዩት የካ ነው። እዚያ ባለ አንድ ጤና ተቋም፣ ስሙን አልጠራውም፣ የወረቀት ካርድ ትተን ወደ ኮምፒውተር ስንገባ የሐኪሞቹ ተወካይ እኔ ነበርኩ። ከካርድ ክፍል አቧራ የተገላገልን መስሎን ደስ ብሎናል። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ግን ያልተስተካከሉ የሶፍትዌር ስህተቶች ዝርዝር ወደ 60 ደረሰ። ከነዚህ 50 ያህሉ «አስቸኳይ» የሚል ቀይ ምልክት ነበራቸው። ፕሮግራመሮቹ ሁለት ልጆች ብቻ ናቸው።

ሁሉም እንዴት ቀይ ሆነ? ቢጫ ያለ ሰው ተራው እንደማይደርሰው ስለገባው ነዋ! ፋርማሲው ቀይ አለ፣ ሒሳብ ክፍል ቀይ አለ፣ ሪፖርቱ ላይ ዓርማው ተጣሞ የወጣባቸው ኃላፊም ቀይ አሉ። ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ የጮኸውን አስቀደሙ። ዓርማው በአንድ ቀን ተቃና።

ላሬ የሚባለው የናፖሊዮን ጦር ቀዶ ሐኪም ቁስለኛን የሚያስቀድመው በማዕረጉ ሳይሆን በጉዳቱ ክብደት ነበር። እኛም ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የተማርነው ይኸው ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን አሳትሜ ከልጆቹ ጋር ቁጭ አልን፤ «ይሄ እስከ ነገ ቢቆይ ማን ይጎዳል?» እያልን አንድ በአንድ ትሪያጅ አደረግነው። ለምሳሌ የሕፃን የትውልድ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ማሽኑ በአውሮፓ ሲያነበው፣ ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጃል፤ የመድኃኒቱ መጠንም አብሮት ያድጋል። ይሄ እውነተኛ ቀይ ነው። ማሽኑ ጳጉሜንንም አያውቃትም ነበር። ነርሶቹ በጳጉሜን የተወለዱትን «መስከረም 1» እያሉ ስለሚመዘግቡ (የዚያ ዓመት የእንቁጣጣሽ ልጅ ብዛት!) እሱ ቢጫ ሆነ። ማታ ላይ የቀሩት ቀዮች ስድስት ብቻ ነበሩ። በራሴ ኮራሁ።

«ስም ሲፈለግ ፊደል ያምታታል» የሚል ማመልከቻ ከካርድ ክፍል መጥቶ ነበር። የፊደል ጉዳይ ነው ብዬ አረንጓዴ አደረግሁት። እኔው ነኝ ያደረግሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት እናት መጡ፤ እማማ ፀሐይ እንበላቸው። ከዚሁ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ናቸው። የካርድ ቁጥራቸውን አያስታውሱም፣ ስማቸው ተፈለገ፣ አልተገኘም፣ አዲስ ካርድ ወጣላቸው። ባዶ ካርድ አይቼ የፔኒሲሊን መርፌ አዘዝኩ። ሲስተሯ መርፌውን ይዛ «እማማ፣ መርፌ ተወግተው ያስቸገረዎት ጊዜ አለ?» ስትላቸው፣ «አዬ ልጄ፣ አንዴማ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ሞቼ ነበር» አሏት።

የድሮው ካርዳቸው እዚያው ማሽን ውስጥ ነበር፤ አለርጂው በትልቁ ተጽፎበታል። ያ በ«ጸ»፣ አዲሱ በ«ፀ»። ለጆሯችን አንድ፣ ለማሽኑ ሁለት ሰው። ቁጠሩት እስቲ፦ ጸ እና ፀ፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ይህ አንድ ስም 12 ዓይነት ሊጻፍ ይችላል።

ያን ቀን ማታ አረንጓዴውን ቀይ አደረግሁት። ኮሪደር ላይ የሚጠብቅ አረንጓዴ በሽተኛ ድንገት ሊወድቅ እንደሚችል፣ ደጋግሞ ማየት እንደሚገባ እያወቅሁ፣ ዝርዝሩን ግን አንዴ መድቤ ሄጄ ነበር። አሁን በየሰኞው እንደገና እናየዋለን፤ የካርድ ክፍል ሠራተኞችም ይቀመጣሉ። ድርብ ካርድ መብዛቱን ከማንም በፊት ያወቁት እነሱ ነበሩ፤ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ።

ማስተካከያው ራሱ ከባድ አልነበረም፤ ሲፈልግ ሞክሼዎቹን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። ከባዱ የተከፈሉትን ካርዶች ማዋሐድ ነው። ሞክሼ ስም ያላቸውን ሁለት ሰዎች በስህተት አንድ ካደረግን ከፊተኛው ይብሳል፤ ስለዚህ የእናት ስም፣ ዕድሜና ስልክ እያመሳከርን በእጅ እንሠራዋለን። ገና አላለቀም።

መምህራን እዚህ ስላላችሁ አንድ ነገር ልለምን፦ ኢንተርኖቹን ለአንድ ቀን ካርድ ክፍል ላኩልን። ወንበር እናዘጋጃለን።