ድምፃቸው አንድ፣ ግሳቸው ሁለት

በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሲነበቡ አንድ ድምፅ እየሰጡ ሲጻፉ በተለያየ ፊደል የሚለዩ ቃላት ጥቂት አይደሉም፤ የልዩነቱ ምንጭ የሆኑት ፊደላትም «ሞክሼ ሆሄያት» ይባላሉ። እነዚህም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ናቸው። የፊደል መምህራን እያንዳንዱን ሆሄ ያንኑ ሆሄ በያዘ ቃል ይጠሩታል፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያሉ። ይህ አጠራር ጽሑፉን ማየት ለማይችል የሬዲዮ አድማጭም ይበጃል።

ፊደላቱ በጥንታዊው ግእዝ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ድምፅ የነበራቸው ሲሆኑ፣ ድምፆቹ በአማርኛ ተናጋሪ አንደበት እየተቀላቀሉ ሲሄዱ ጽሕፈቱ ግን ባለበት ጸንቷል፤ እንግሊዝኛም ሌሊትንና ፈረሰኛ ተዋጊን በአንድ ድምፅ «ናይት» እያለ በሁለት ዓይነት የሚጽፈው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የጠፋው ድምፅ በዘመድ ቋንቋዎች ይገኛል። ትግርኛ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ ዛሬም በድምፅ ይለያል። በግእዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ወጣ፣ በራ ማለት ሲሆን «ምሥራቅ» የተገኘው ከእርሱ ነው፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ግን የሌብነት ግስ ነው፤ ዐረብኛም የፀሐይን መውጣት በ«ሸ»፣ ስርቆትን በ«ሰ» ድምፅ ስለሚናገር፣ ሁለቱ ቃላት ከመነሻው የተለያዩ መሆናቸውን ይመሰክራል።

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በተለይ በደብረ ኤልያስና በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤቶች፣ ቅኔ ተማሪው ይህን ልዩነት የሚይዘው ግስን፣ ማለትም የቃሉን ሥር ከነትርጉሙ፣ በማጥናት ነው። «መሀረ» በሃሌታው ሀ አስተማረ፣ «መሐረ» በሐመሩ ሐ ይቅር አለ ማለት መሆኑን ያወቀ ሰው፣ «ትምህርት»ንና «ምሕረት»ን ሲጽፍ አያመነታም። «ሥዕል» የተገኘው «ሠዐለ» ከሚለው ግስ ሲሆን «ስእለት» ግን ለመነ ማለት ከሆነው «ሰአለ» ይወጣል፤ ስለዚህ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» የሚለው ልመና በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ከተጻፈ እመቤታችን እንድታማልድ ሳይሆን ሥዕል እንድትሥል የሚጠይቅ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ላይ የሚታየው «ዓ.ም.» እንኳ ዓመተ ምሕረት ነው፤ በአልፋው አ ሲጻፍ በግእዝ «የምሕረት ገረድ» ከማለት አያልፍም፤ «አመት» ሴት አገልጋይ ናትና።

ይሁን እንጂ ሥራቸው ግእዝ ባልሆነ ቃላት ላይ እንዲህ መጨነቅ ትርጉም የለውም። «ሆስፒታል»ን በሐመሩ የጻፈ ሰው ከልማድ ወጣ እንጂ የሻረው ግስ የለም። በንባብ ይበልጥ የሚያሳስተው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ፣ ማለትም ፊደሉ አንድ ሆኖ ድምፁ ሁለት የሚሆንበት ጊዜ ነው፤ «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደትን በዓል ያመለክታል፤ «ሰፊ»ም ሲላላ ልብስ ሰፊውን፣ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነውን ይገልጻል። ሞክሼዎቹን ለመለየት ብዙ ሲደከም መጥበቅና መላላት ምልክት አልባ ሆነው መቅረታቸው የሚያስገርም ነው።

ይህን ጉድለት በሥራ ለማረም ከሞከሩት አንዱ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወላጅ ሐዲስ አለማየሁ ናቸው። የቤተ ክህነት ትምህርታቸውን በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተከታተሉት እኒህ ደራሲ የአጻጻፍ መሻሻልን ይደግፉ ስለነበር፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አኑረዋል፤ ነጥቡ ግን ከዚያ መጽሐፍ አልፎ የአማርኛ ኅትመት የጋራ ልማድ አልሆነም።