ከመሳፈራችን በፊት

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ለተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)



ይህን ንግግር ያዘጋጀነው አራት የዘንድሮ ተመራቂዎች ነን። የሚያነበው አንዱ ቢሆንም ሐሳቡ የአራታችን ነው። አስቀድመን አንድ ነገር እንናዘዝ። ከአራታችን አንዱ ቪዛውን በኪሱ ይዟል፤ ሁለታችን ማመልከቻ ሞልተናል፤ አልሄድም የሚለው አራተኛው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሌሊት ሌሊት ምን እንደሚያስብ አናውቅም። ስለዚህ ዛሬ እዚህ የቆምነው ስለ አገር ፍቅር ልንሰብክላችሁ አይደለም። የምንናገረው እኛኑ ስለያዘን ነገር ነው፤ ይኸውም ድንገት ተነሥቶ፣ ሥራንና ዘመድን ትቶ፣ በሰው አገር አዲስ ኑሮና አዲስ ሙያ ልጀምር ማለት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር ሁላችንም እናውቃለን። ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል፤ ወይም አለቃ ያለ አግባብ ይቈጣል። በዚያው ማታ ውጭ አገር ካለ ጓደኛ ፎቶግራፍ ይመጣል። ጓደኛው በረዶ ላይ ቆሞ፣ መኪና ተደግፎ ይሥቃል። ሲነጋ አልጋና ቁም ሣጥን ለሽያጭ ይወጣሉ። ታዲያ በዚያ ሌሊት የተወሰነው ውሳኔ የአእምሮ ነው ወይስ የብስጭት?

አንድ ወንድማችን በፋርማሲ ተመርቆ ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ቪዛ ባገኘ በሦስተኛው ሳምንት ሥራውን ለቀቀ፤ ለአውሮፕላን ከአጎቱ ተበደረ፤ ሄደ። ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት ይሠራል። ሥራው ነውር የለበትም፤ በላቡ ያድራል፤ እናቱንም ይረዳል። የጎዳው ነገር የመንገዱን ርዝመት ሳያውቅ መነሣቱ ነው። በአሜሪካ በውጭ አገር የተመረቀ ፋርማሲስት በሙያው ለመሥራት በመጀመሪያ የትምህርት ማስረጃውን ያስመረምራል፤ የአቻነት ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተና ያልፋል፤ ከዚያም በተለማማጅነት የተወሰነ ሰዓት ሠርቶ ለፈቃዱ እንደ ገና ይፈተናል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተመረቀ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት የፈጀ የፋርማሲ ትምህርት መማሩን ማሳየት አለበት። ወንድማችን ይህን ሁሉ የሰማው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው። እዚህ ሳለ ራሱ ቆሞ ሊያስጨርሰው ይችል የነበረውን የማስረጃ ጉዳይ፣ ከዚያ ሆኖ በዘመድ እግር ለማስፈጸም አንድ ዓመት ፈጀበት። ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀኑን ለእንቅልፍ ይፈልገዋልና፣ መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልተገለጠም።

ይህ የፋርማሲ ተማሪዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሐኪም የሆነ ሰው ምንም ያህል ዓመት በሽተኛ ሲያክም ቢኖር፣ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍላተ ግዛቶች ፈተናዎቹን ካለፈ በኋላ እንደ ጀማሪ ተቈጥሮ በሆስፒታል ለዓመታት መሠልጠን ግዴታው ነው። የሕግ ምሩቅም የተማረው የአገሩን ሕግ ስለሆነ እንደ ገና ትምህርት ቤት መግባት ይጠብቀዋል። ጀርመን አገር በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ሥራ ፈላጊዎች በነጥብ ተመዝነው እንዲገቡ የሚፈቅድ የዕድል ካርድ የሚባል ሕግ በሥራ ላይ አውላለች። ሆኖም ካርዱን የሚሻ ሰው መተዳደሪያ ገንዘብ እንዳለውና ቋንቋ እንደሚያውቅ ማሳየት አለበት፤ በሐኪምነት ወይም በነርስነት ለመሥራት ደግሞ ጀርመንኛውን በፈተና ማስመስከር ግድ ነው። በአጭሩ፣ ሰውየው በአውሮፕላን አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ሙያው ግን ዓመታት ቆይቶ ነው የሚደርስለት።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ድንገት ሄደው የተሳካላቸው የሉምን?» ይሉ ይሆናል። አሉ እንጂ! ከሁሉ የሚደንቀን ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ ተወልዶ በምጽዋ አጠገብ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ሲማር ሳለ፣ ወደብ የቆመ መርከብ ለማየት ገብቶ በዚያው እንደ ቀረ ይነገራል። የመርከቡ አዛዥም ለአንድ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ ሰጠው። ከዚህ የባሰ ድንገተኛ ጉዞ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ስሙን ያስጠራው መርከቡ አይደለም። በበርሊን ሕክምና ተምሮ፣ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኖ ሠርቶ፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፍ ትቶልን በ1911 ዓ.ም. አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዐረፈ። መጽሐፉም ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። እርሱ ሲሄድ ልጅ ነበር፤ የሚተወው ሙያም ሆነ የተበደረው ገንዘብ አልነበረም። እኛ ግን ሁለቱም አሉን።

ደግሞም ሰዎችን አንደባልቅ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብዙዎች የወጡት ነፍሳቸውን ለማዳን ነው። ቤቱ ሲቃጠል የሚሮጠውን ሰው «ሒሳብ ሠርተሃልን?» ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው። ዛሬም እንዲህ ያለ መከራ የሚያስወጣው አለ። ንግግራችን የማሰብ ጊዜ እያለን በችኮላ ለምንነሣው ለእኛ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን?

ስለዚህ ማንም ተመራቂ ትኬት ከመቊረጡ በፊት ለሦስት ጥያቄዎች መልሱን በወረቀት ላይ ይጻፍ። አንደኛ፣ ሙያዬ በዚያ አገር ሥራ ላይ እስኪውል ስንት ፈተና፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ገንዘብ ይጠይቀኛል? ሁለተኛ፣ እስከዚያ ድረስ ምን ሠርቼ እበላለሁ፤ ለጥናትስ በቀን ስንት ሰዓት ይተርፈኛል? ሦስተኛ፣ የምሸሸው ነገር አለቃዬን ከሆነ፣ መሥሪያ ቤት በመለወጥ የሚቃለለውን ነገር አገር በመለወጥ ልፈታው ነውን? መልሱን ጽፎ አሁንም እሄዳለሁ የሚል ቢኖር፣ ወላዋይም ከሐዲም አንለውም፤ መርቀን እንሸኘዋለን።

አንድ ልመና ግን አለን። ቀድማችሁን የሄዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፎቶግራፉን ብቻ አትላኩልን። ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ፣ የቤት ኪራዩ ከደመወዛችሁ ምን ያህሉን እንደሚወስድ፣ ፈተናውን በስንተኛው ጊዜ እንዳለፋችሁ ጻፉልን። እናንተ ሁሉን ስላልነገራችሁን፣ እኛ የጎደለውን በምኞት እንሞላዋለን። ማኅበራችንም ለእንዲህ ያለው ደብዳቤ በዚህ ጋዜጣ አንድ ገጽ እንዲለይ እንጠይቃለን።

ቪዛውን የያዘው ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ሳለ መልሶቹን ጽፎ አነበበልን። ቪዛው ሳይቃጠል ሰባት ሳምንት አለው። በሚመጣው ሳምንት ሊሄድ አስቦ የነበረውን ትቶ፣ በእነዚያ ሳምንታት ማስረጃዎቹን ሁሉ ሊያስጨርስ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናውንም እዚሁ ሊፈተን ወስኗል። አልጋውንም እስካሁን አልሸጠውም።