ፊደል በዓይን እንጂ በአፍ ብቻ አይያዝም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የወላጆች ኮሚቴ ያሰማው ንግግር)



ዛሬ ስለ ቧንቧውም ሆነ ስለ ቆሻሻ መጣያው አናወራም። እሱ በሚቀጥለው ስብሰባ ይደርሳል። የዛሬው ጉዳያችን ገና ትምህርት ቤት ያልገቡት፣ ወይም ገና መግባታቸው የሆኑት ትንንሽ ልጆቻችንና ፊደል ናቸው።

በመጀመሪያ ከኮሚቴያችን አባላት በአንዱ ቤት የሆነውን እንንገራችሁ። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ከሀ እስከ ፖ ያለውን ሳይተነፍስ ይወርደዋል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «በል እስቲ!» ይባላል፤ እሱም ይላል፤ እኛም እናጨበጭባለን። አንድ ቀን አያቱ የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያ አሳዩትና «ማሙሽ፣ ይህቺ የመጀመሪያዋ ማን ናት?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ዝም አለ። ቀጥሎም ጣቱን እያጠፈ ከሀ ጀምሮ በለሆሳስ ያነበንብ ጀመር። መሀል ላይ ጠፋበትና አለቀሰ። እኛ ደግሞ ማባበል ሲገባን ተቆጣነው። ከዚያ በኋላ የፊደል ገበታውን ባየ ቁጥር ወደ ጓሮ መሸሽ አመጣ።

ጥፋቱ የማን ነው? የእኛው ነው። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላስተማርነውም ነበርና።

ዜማው መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ሁላችንም በእሱ ነው ያደግነው። ነገር ግን 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት መልክ አላቸው፤ በድምሩ 231 ናቸው። አንደበት ይህን ሁሉ በዜማ ሊሸከመው ይችላል፤ ዓይን ግን አንድ በአንድ ካላየው አያውቀውም። በቄስ ትምህርት ቤት አቡጊዳ የሚባለውን አስታውሱ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ፊደሉም ይለዋወጣል፣ መልኩም ከግዕዝ ወደ ካዕብ፣ ከካዕብ ወደ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይሻገራል። በሀሁ ዜማ ብቻ የመጣ ልጅ እዚህ ላይ ዓይኑን መክፈት ግድ ይሆንበታል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው፤ ተራውን እናፍርሰው፣ ግን በጨዋታ እናፍርሰው። ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር የለውም። በየቤታችን ሞክረን የያዘልንን እነሆ።

አንደኛ፣ ከስሙ እንጀምር። ለልጅ ከገዛ ስሙ የበለጠ የሚጥም ቃል የለም። ስሙ አበበ፣ ከበደ ወይም በቀለ ከሆነማ ዕድለኛ ነው፤ ሁሉም ግዕዝ ናቸው። አ፣ በ፣ ከ፣ ደ፣ ቀ፣ ለን ብቻ ያወቀ ልጅ ሦስቱንም ስሞች ያነባል። ስድስት ፊደል ይዞ «አነበብኩ!» የሚል ልጅ ነገ ሰባተኛውን ራሱ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ቆርኪ። ልጆቻችን እንደሆነ ቆርኪ አጥተው አያውቁም። ወረቀት በክቡ ቆርጠን ውስጡ እንለጥፍና እያንዳንዱን ፊደል በሁለት ሁለት ቆርኪ ላይ እንጻፍ። ከዚያ እንድፋቸው። ልጁ ሁለት ይገለብጣል፤ መንትዮቹን ካገኘና ስማቸውን ከጠራ ይወስዳቸዋል። ካላገኘ መልሶ ይደፋል፣ ተራው የሌላው ይሆናል። በአምስት ፊደል መጀመር ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ሰኞ ማክሰኞ። መሬት ላይ ሰባት ቤት እናስምርና በየቤቱ አንድ ፊደል እንጻፍ። ልጁ እየዘለለ የረገጠውን ይጠራል። በማግስቱ ፊደሎቹን ቦታ እናለዋውጣቸው። ዋናው ምሥጢር እሱ ነው፤ ካልተለዋወጡ ልጁ ቤቱን እንጂ ፊደሉን አይሸመድድም።

አራተኛ፣ ሊጥ። እናት ስትጋግር ቁራሽ ሊጥ ትስጠውና በ-ን ይሥራ። በወገቡ በስተቀኝ ክንድ ሲያወጣለት ቡ ይሆናል። ክንዱን አውርዶ ቀኝ እግሩ ላይ ጫማ ሲያደርግለት ቢ፤ ግራ እግሩን ሲያሳጥረው ባ፤ ቀኝ እግሩ ላይ ቀለበት ሲያስርለት ቤ፤ ክንዱን በስተግራ ሲያወጣለት ብ፤ ቀኝ እግሩን ሲያሳጥረው ቦ ይሆናል። ብዙዎቹ ፊደላት በካዕብ፣ በሣልስና በኃምስ ይህን መንገድ ይከተላሉ። እንደ ረና ፈ ያሉት ግን አመለኞች ናቸው፤ እነሱን ለኋላ ማቆየት ነው።

አምስተኛ፣ እንቆቅልሽ። «እንቆቅልሽ!» «ምን አውቅልህ?» «ሰ ነበርኩ፣ ቆብ ደፋሁ፤ ማን ሆንኩ?» «ሸ!» ተ ቆብ ደፍቶ ቸ፣ ነ ኘ፣ ከ ኸ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ ይሆናል። ጠ ብቻ ለየት ይላል፤ ጨ የሚሆነው ከእግሩ ተለውጦ ነው። አንዳንዴ እኛ ወላጆች ሆን ብለን እንሸነፍና ልጁ «አገር ስጠኝ» ይበለን። አባቱን አሸንፎ አገር የተቀበለ ልጅ ደስታው ሌላ ነው!

ስድስተኛ፣ መንገድ። ወደ ሱቅ ስንልከው ወይም ይዘነው ስንወጣ «ዛሬ የምናድነው መ-ን ነው» እንበለው። የዳቦ ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የፀጉር ቤቱ ማስታወቂያ ሁሉ የፊደል ገበታ ነው።

ጥንቃቄም አለው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ በአንድ ቀን አይቅረቡ፤ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀም እንዲሁ። አንዱ በደንብ ሳይታወቅ ሁለተኛው ከመጣ ልጁ ይደናገራል። ጨዋታው ከአሥር፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ አይለፍ፤ ልጁ «ገና ነኝ» እያለ ብናቆም ይሻላል። ኩርኩምና ቁጣ ግን ከነጭራሹ ይቅሩ። በፍርሃት የተያዘ ፊደል በፍርሃት ይጠፋል።

«እኔ ራሴ ሳላነብ ምን ላስተምር?» የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። ኧረ በፍጹም አትፈሩ! በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጎልማሶችና አረጋውያን ሳይቀሩ ፊደል ቆጥረዋል። ዛሬ ደግሞ ልጁ አስተማሪ፣ እናንተ ተማሪ ሁኑ። ልጅ ለእናቱ ያስረዳውን ፊደል አይረሳም፤ እናቲቱም ሳታስበው ታነባለች።

ያ ያለቀሰው ልጅስ? ነ እና ኘ አሁንም አልፎ አልፎ ይምታቱበታል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት በዳቦ ቤቱ በኩል ስናልፍ እጃችንን ጎትቶ አቆመን። «ዳ!» አለ። ቀጥሎ «ቦ!» አለ። ከዚያም ቀና ብሎ አየንና «ዳቦ ነው እንዴ የሚለው?» ብሎ ጠየቀ። ያን ቀን ዳቦውን የገዛነው በእሱ ትእዛዝ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ከልጆቻችን ጋር የፊደል ቆርኪ እንሠራለን። ቆርኪ ያለው ቆርኪ፣ አሮጌ ካርቶን ያለው ካርቶን፣ ምንም የሌለው ልጁን ብቻ ይዞ ይምጣ። ልጅ የሌላችሁም የጎረቤታችሁን ልጅ ይዛችሁ ኑ።