የካምቢዮውን ዘይት ራሳችን እንየው



ከመካከላችን በመኪና ሠርተው ልጆች የሚያሳድጉ አሉ። ለእነሱ መኪናዋ እንጀራ ናት፤ ሳምንት ከቆመች ዕቁቡ ይጓደላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ያሉንን ቪትዝና ኮሮላ አክብረን ማቆየት ግድ ሆኗል።

ስለ ሞተር ዘይት ሁላችንም እንጠይቃለን፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮውን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ይህ ዘይት ማለስለስ ብቻ አይደለም ሥራው፤ የሞተሩን ጉልበት ያስተላልፋል፣ በግፊቱ ማርሽ ያስቀይራል፣ ካምቢዮውንም ያቀዘቅዛል። ከሜክሲኮ ጌጃ ሰፈር እስክንደርስ በመንገድ መጨናነቅ ቆም ሄድ ስንል ይግላል፤ ሙቀትም ያስረጀዋል።

መለኪያ ዘንግ ያለው ከሆነ፣ ጥቂት ነድተን ዘይቱ ሲሞቅ ለጥ ባለ ቦታ እናቆማለን። የእጅ ፍሬን ይዘን፣ የእግር ፍሬን ረግጠን፣ ማርሹን በየቦታው አሳልፈን «ፒ» ላይ እንመልሳለን። ቶዮታ ከሆነ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ዘንጉን አውጥተን በነጭ ጨርቅ እንጠርጋለን፤ መልሰን ከተን እናነባለን። ዘይቱ ለትኩስ በተሰጡት ሁለት ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ሆንዳ ግን ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ይታያል። ዘንግ የሌለውን ከሥር ባለሙያ ይለካዋል።

ጨርቁን እንመልከት። ቀይና ጥርት ያለ ደህና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ካምቢዮው ሳይጎዳ አልቀረም። እንደ ወተት ሻይ ከደፈረሰ ውኃ ገብቶበታል፤ አለመንዳት ነው። ከጎደለ ደግሞ የሚያፈስበት ቦታ አለ፤ ዘይቱ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። ሲጨመርም በጥቂቱ ነው፤ ከበዛ አረፋ ይሠራል። ሲቪቲ ካምቢዮ የራሱ ዘይት አለው፤ ሌላ ከተጨመረበት ይበላሻል።

«ካምቢዮው አልቋል፣ ከሶማሌ ተራ ሌላ ይገዛ» ስንባል፣ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት ዘይቱን አሳዩን እንበል። የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በደብተር የያዘች ሴት በቀላሉ አትታለልም።

ደጋፊዎቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ከጃፓን ያገለገሉ ሆነው የመጡ መኪኖች መመሪያ መጽሐፋቸው ቢኖር እንኳ በጃፓንኛ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት መኪና የዘይቱን ስምና አለካኩን የያዘ አንድ ገጽ በአማርኛ እንድናሳትም አግዙን።