የሕፃናት ክትባት ሰሌዳ ከአገር አገር ለምን ይለያያል?

(በአምስት ኪሎ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአዲስ አበባ የተወለደ ሕፃን ዘጠኝ ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባት ይሰጠዋል። ይኸው ሕፃን በኋላ ከወላጆቹ ጋር ወደ ዋሺንግተን ሄዶ ለትምህርት ሲደርስ፣ ካርዱን የምትመረምረው ነርስ ያ ክትባት እንደማይቆጠር ለወላጆቹ ትነግራቸዋለች። በአሜሪካ አሠራር ሕፃኑ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ካልሆነ በቀር ቀደም ብሎ የተሰጠ የኩፍኝ ክትባት ለትምህርት ቤት ከሚጠየቁት ሁለት ክትባቶች እንደ አንዱ አይታይምና። በአንጻሩ በዋሺንግተን ተወልዶ አያቶቹን ለመጠየቅ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ልጅ፣ እዚህ ማንኛውም ሕፃን እንደተወለደ የሚከተበውን የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ ቢሲጂን አልተከተበም። ወላጆች ይህን ባዩ ጊዜ ከሁለቱ አገሮች አንዱ የተሳሳተ ሊመስላቸው ይችላል።

ለመሐንዲስ ግን ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ሲሚንቶውና ብረቱ አንድ ዓይነት ቢሆንም በጥቁር መረሬ አፈር ላይ የሚቆም ሕንፃ መሠረቱ በዓለት ላይ ከሚቆመው ይለያል። የመሠረቱን ጥልቀት የሚወስነው የአፈሩ ጠባይና የሚሸከመው ክብደት ነው። የክትባት ሰሌዳም እንዲሁ፣ በሽታው በየትኛው ዕድሜ እንደሚያጠቃ፣ እናቲቱ ስንት ጊዜ ወደ ጤና ጣቢያ ልትመላለስ እንደምትችልና ክትባቱ ሳይበላሽ እስከ የት ሊጓዝ እንደሚችል ታይቶ የሚዘጋጅ ንድፍ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህን ንድፍ መመርመርና በተለይ ሦስተኛው ጉዳይ የመሐንዲሱ ድርሻ መሆኑን ማሳየት ነው።

በቅድሚያ ኩፍኝን እንመልከት። ሕፃን ሲወለድ ከእናቱ ያገኘው የመከላከያ ኃይል ለጥቂት ወራት አብሮት ይቆያል። ይህ ኃይል ሕፃኑን ከበሽታው እንደሚጠብቀው ሁሉ፣ የኩፍኝ ክትባት ሕይወት ባለው በተዳከመ ቫይረስ የሚሠራ በመሆኑ፣ ክትባቱንም ያከሽፍበታል። ስለዚህም በዘጠኝ ወር የተከተቡ ሕፃናት ከመቶ 85 ያህሉ ሲጠበቁ፣ ዓመት ሞልቷቸው የተከተቡት ከመቶ 95 ያህሉ ይጠበቃሉ። እንዲህ ከሆነ ሁሉም አገር አንድ ዓመት እስኪሞላ ለምን አይጠብቅም? ቢባል፣ መልሱ ኩፍኝ በብዛት በሚዘዋወርበት አገር ብዙ ሕፃናት ያ ዕድሜ ሳይደርስ የሚታመሙና የሚሞቱ መሆናቸው ነው። የበሽታው ዝውውር አነስተኛ የሆነበት አገር ለተሻለ ውጤት ሦስት ወር መታገሥ ይችላል፤ ኢትዮጵያ ግን ልትታገሥ አልቻለችም። ይልቁንም በ2011 ዓ.ም. በ15 ወር የሚሰጥ ሁለተኛ ክትባት በመጨመር፣ በመጀመሪያው ያመለጡት የሚያዙበትን መንገድ አበጀች።

በዘጊ አናዳ፣ በመንጋጋ ቆልፍና በትክትክ ክትባቶችም ተመሳሳይ ልዩነት ይታያል። በኢትዮጵያ እነዚህ ክትባቶች በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ይሰጣሉ። በእንግሊዝ አገር በስምንተኛው፣ በአሥራ ሁለተኛውና በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት፣ በአሜሪካ በሁለት፣ በአራትና በስድስት ወር፣ በዴንማርክ ደግሞ በሦስት፣ በአምስትና በአሥራ ሁለት ወር ነው። በክትባቶቹ መካከል ሰፋ ያለ ጊዜ ሲኖር ሰውነት የሚያበጀው መከላከያ የበለጠ ይጠነክራል፤ ሆኖም ትክትክ የሚገድለው በይበልጥ ጨቅላዎችን ነው። በዚያም ላይ እናቲቱ ከወለደች በኋላ የመመለሷ ነገር እርግጠኛ በማይሆንበት ስፍራ ቶሎ መጀመርና ቶሎ መጨረስ ይመረጣል። ቢሲጂም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ ለእያንዳንዱ አራስ ስትሰጠው፣ አሜሪካና ኔዘርላንድስ ለሕዝባቸው ሁሉ የሚሰጥ መደበኛ ክትባት አድርገውት አያውቁም። እንግሊዝም በትምህርት ቤት ለሁሉም ትሰጥ የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2005 አቁማ ለበሽታው ይበልጥ ለተጋለጡት ብቻ ወሰነችው።

አገሮች የሚለያዩት በዕድሜና በመጠን ብቻ አይደለም፤ በግዴታም ይለያያሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1853 የፈንጣጣን ክትባት በሕፃናት ላይ ግዴታ አደረገች። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ እ.ኤ.አ. በ1885 በሌስተር ከተማ ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1898 ኅሊናው ያልፈቀደለት ወላጅ እንዲተው የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ ግዴታው ፈጽሞ ቀረ። አሜሪካ ጉዳዩን ለክፍለ ግዛቶች ትታለች፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1905 በጃኮብሰን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ክፍለ ግዛት ክትባትን ሊያስገድድ እንደሚችል አጽንቷል። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ2017 የግዴታ ክትባቶቿን ከአራት ወደ አሥር፣ ፈረንሳይ በሚቀጥለው ዓመት ከሦስት ወደ አሥራ አንድ ከፍ አደረጉ። ስዊድን ግን ማንንም ሳታስገድድ እጅግ ከፍተኛ ሽፋን ይዛ ኖራለች።

ከነዚህ ሁሉ የጃፓን ታሪክ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1975 መካከል በነበረው ክረምት ሁለት ሕፃናት የትክትክ ክትባት ከተሰጣቸው በኋላ ስለሞቱ ክትባቱ ለጊዜው ታገደ። እገዳው ከተነሣ በኋላም የሕዝቡ አመኔታ አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1979 ከ13,000 በላይ ሰዎች በትክትክ ታመው 41 ሞቱ። የጃፓን ሊቃውንት ብዙም ሳይቆይ ጠንቁ የቀነሰ አዲስ የትክትክ ክትባት ሠርተው በሥራ ላይ አዋሉ፤ ይኸው ዓይነት ኋላ በብዙ ሀብታም አገሮች ሥራ ላይ ውሏል። መንግሥቱም እ.ኤ.አ. በ1994 ሕጉን አሻሽሎ ግዴታውን ወላጅ ሊጥርበት ወደሚገባ ምክር ለወጠው። ከዚህ እንደሚታየው፣ ግዴታም ሆነ ምክር የሚጸናው ሕዝቡ በሚሰጠው ነገር ላይ እምነት ሲኖረው ነው። የተበላሸ ክትባት የሚሰጥ አገልግሎት ደግሞ ይህን እምነት ያጣል።

የኢትዮጵያን የክትባት ታሪክ መለስ ብሎ ለሚመረምር፣ በሁለት ዘመቻዎች መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታየዋል። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በጥር 1963 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የመጨረሻዋ በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ዲሞ በተባለች መንደር ተገኘች። በስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ፣ ያውም በጦርነትና በለውጥ መካከል፣ መንገድ ባልገባበት ተራራና በረሃ ይህን ያህል ሥራ እንዴት ተፈጸመ? የሠራተኞቹ ጽናትና በሽታውን በተገኘበት ስፍራ ከቦ የመያዝ ስልት የመጀመሪያው ምክንያት ነው። ሆኖም የክትባቱ ጠባይም ታላቅ ድርሻ ነበረው። የፈንጣጣ ክትባት በቅዝቃዜ የደረቀ ዱቄት በመሆኑ በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ወር ሙሉ ሳይበላሽ ይቆያል፤ የሚሰጠውም ጫፉ እንደ ሹካ በተሰነጠቀ ቀላል መርፌ ነበር። ክትባቱን በበቅሎ ጭኖ መጓዝ ይቻል ነበር።

በ1972 ዓ.ም. የተጀመረው የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም ግን ሌላ ሸክም ይዞ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 በመሠረተው መርሐ ግብር መሠረት በስድስት በሽታዎች ላይ ያነጣጠረ ሲሆን፣ እነርሱም ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ ናቸው። እነዚህ ክትባቶች ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ክንድ ድረስ በ2 እና በ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ከዚያ ወዲህ በ1999 ዓ.ም. አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለው ክትባት፣ በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምች፣ በ2006 ዓ.ም. የሮታ ቫይረስ ተቅማጥ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ተጨመሩ። በወረቀት ላይ አንድ መስመር በተጨመረ ቁጥር በየማቀዝቀዣው ውስጥ ተጨማሪ ቦታ፣ በየመንገዱም ተጨማሪ ጭነት ያስፈልጋል።

የሙቀቱ ልክ ከሁለቱም ወገን የታጠረ መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። አምስቱን በሽታዎች የሚከላከለው ግን በውስጡ የአሉሚንየም ውሕድ ስላለበት በረዶ ሲሠራ ይበላሻል፤ ቢቀልጥም ኃይሉ አይመለስም። በመሆኑም አብዝቶ ማቀዝቀዝ ጥንቃቄ መስሎ የሚታይ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በፖሊዮ ብልቃጥ ላይ፣ ኋላም በሌሎች ላይ የሚለጠፈው ምልክት ክትባቱ ያሳለፈውን ሙቀት በቀለም ለውጥ ያሳያል፤ በረዶ መሥራቱን ግን አያሳይም። ለዚያ የሚያገለግለው የተጠረጠረውንና በረዶ መሥራቱ የታወቀውን ብልቃጥ ወዝውዞ ጎን ለጎን በማቆም አተላው የሚዘቅጥበትን ፍጥነት ማስተያየት ነው፤ የተጠረጠረው እንደ ሌላው ፈጥኖ ከዘቀጠ ይጣላል።

ቅዝቃዜውን ማን ይሰጣል? ኤሌክትሪክ በሌለበት ጤና ጣቢያ ለብዙ ዘመን ያገለገለው በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበር። ክሩ በየጊዜው መቆረጥ፣ ነበልባሉ መስተካከል ነበረበት፤ ላምባው ሲያልቅ ክትባቱም ያልቃል። ቀጥሎ የመጣው በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ነው፤ ድካሙ ባትሪው ላይ ነበር። የቅርብ ጊዜው ዓይነት ባትሪውን አስቀርቶ፣ ቀን በፀሐይ ኃይል በረዶ ሠርቶ ሌሊት በዚያው በረዶ ይቀዘቅዛል። በአምስት ኪሎ ግቢ ቴርሞዳይናሚክስን የተማረ ሁሉ ሐሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ኃይልን በኤሌክትሪክ ፈንታ በውኃ ድብቅ ሙቀት ማከማቸት ነውና። ሆኖም ይህም ቢሆን የሚተክለው፣ የሚከታተለውና መለዋወጫ የሚያቀርብለት ሰው ይሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ከአገር አገር ያለው የሰሌዳ ልዩነት በሳምንትና በወር የሚቆጠር ነው። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ግን፣ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያገኙት በአዲስ አበባ ከመቶ 89 ሲሆኑ በአፋር ከመቶ 15 ነበሩ። የአገሪቱ አማካይ ከመቶ 39 ነበር። ሰሌዳው አንድ፣ ካርዱ አንድ፣ አገሩም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ለአፋሩ ሕፃን የተጻፈለት መርሐ ግብር ለአምስት ኪሎው ሕፃን ከተጻፈው ፈጽሞ የተለየ ያህል ሆኖበታል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ለ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምትም፣ የዘጊ አናዳ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የትክትክን የመጀመሪያ ክትባት እንኳ ያላገኙ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ከ900,000 በላይ ነበሩ።

በአራዳ የምትኖር እናት ልጇን አዝላ በእግሯ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። አርብቶ አደሯ እናት ግን ከከብቶቿ ጋር ትንቀሳቀሳለች፤ ጤና ኬላው አንድ ስፍራ ተተክሏል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች በመመደብ ርቀቱን ለማጥበብ ብዙ ሠርቷል። ነገር ግን ሠራተኛዋ ማቀዝቀዣ ከሌላት ክትባቱን በመያዣ ሳጥን ከሩቅ ማምጣት ይኖርባታል። የኩፍኝ ዱቄት ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም። አንዱ ብልቃጥ አሥር መጠን ሲይዝና የመጣው አንድ ልጅ ብቻ ሲሆን፣ ከፍታ ዘጠኙን ታፍስስ ወይስ እናቲቱን ሌላ ቀን ተመለሽ ትበላት? የሕፃኑ ዕጣ የሚወሰነው በዚህች ሰዓት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን መርፌ ተሞልቶ የሚያቀርብ ሀብታም አገር ይህ ጥያቄ አይገጥመውም።

ስለ ግዴታ የሚነሣውን ክርክርም በዚሁ መነጽር ማየት ይገባል። ሕግ ሊያዝ የሚችለው አገልግሎቱ በደጃፏ ያለላትን እናት ነው። ክትባቱ ያልደረሳትን እናት ስለ ልጇ አለመከተብ መቅጣት ግን ድልድይ ባልተሠራበት ወንዝ ላይ ለምን አልተሻገርሽም ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

በመጨረሻም ለማኅበሩ አባላት ሦስት ነገሮች ለውይይት ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ የሚነድፍ መሐንዲስ የማቀዝቀዣውን ክፍል፣ የፀሐይ ሰሌዳውን አቅጣጫና የአየር ዝውውሩን ግንባታው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ እንዲያስገባ። ሁለተኛ፣ የማቀዝቀዣ ግዢ ሲፈጸም የመለዋወጫው፣ የተከላውና የጥገናው ዋጋ አብሮ እንዲታሰብ፤ ያለዚያ ግዢው ጎደሎ ሆኖ እንዲቆጠር። ሦስተኛ፣ በየወረዳው ቴርሞሜትሩን በየቀኑ ጧትና ማታ አንብባ የምትመዘግበው ሠራተኛ፣ ሙቀቱ ከ8 ሲያልፍ ወይም ከ2 ሲወርድ በዚያው ቀን የምትጠራው ቴክኒሽያን እንዲኖር ማሠልጠን። የሰሌዳውን ሳምንታት ሐኪሞች ይወስኑ። ብልቃጡ እስከ አፋር ድረስ በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል መድረሱን ግን እነዚህ ሦስቱ ይወስኑታል፤ ሦስቱም በዚህ አዳራሽ የተሰበሰቡት ሊሠሯቸው የሚችሉ ናቸው።